ወዶ የኔ ብጤ የሆነው የነጋዴ ልጅ
የፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ ሕይወትና የታናናሽ ወንድሞች ማኅበር አመሠራረት



በሀገራችን በየደጁ እየዞረ የሚለምነውን ሰው የኔ ብጤ ብለን እንጠራዋለን። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው አናስተውለውም እንጂ ትርጉሙ እንደ እኔ ያለ፣ እኩያዬ የሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአፋችን የኔ ብጤ እያልን ሳንቲሟን ከሩቅ ወርወር አድርገን የምናልፍ ብዙዎች ነን። ዛሬ ታሪኩን የምናነበው ሰው ቋንቋችንን ባያውቅም የዚህን ቃል ፍሬ ነገር በኑሮው ያሳየ ነው። ይኸውም ከሀብታም ቤት ተወልዶ፣ ወዶና ፈቅዶ ለማኝ የሆነው ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማኝ ወንድሞች እየተባሉ የሚጠሩት ማኅበራት እንዴት እንደ ተጀመሩና ትርጉማቸው ምን እንደ ሆነ የሚገባን የእርሱን ሕይወት ስንመለከት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና ወጣትነቱ

ፍራንቸስኮስ በመካከለኛው ኢጣልያ፣ ኡምብሪያ በሚባለው አውራጃ በምትገኘው በአሲሲ ከተማ በ1181 ወይም በ1182 ተወለደ። አባቱ ፒዬትሮ ዲ በርናርዶኔ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን እናቱ ፒካ ትባል ነበር። በጥምቀት የወጣለት ስም ዮሐንስ ነበር። አባቱ ግን በዚያን ጊዜ ለንግድ ወደ ፈረንሳይ ሀገር ሄዶ ስለነበር፣ ሲመለስ የልጁን ስም ለውጦ ፍራንቸስኮ አለው፤ ፈረንሳዊው እንደ ማለት ነው።

ልጁ ባደገ ጊዜ በአባቱ ሱቅ ጨርቅ ይሸጥ ጀመር። እጁ የተፈታ ለጋስ፣ ዘፈንና ግብዣ የሚወድ፣ በጥሩ ልብስ የሚያጌጥ፣ የከተማው ጎረምሶች ሁሉ የሚከተሉት ወጣት ነበር። ምኞቱም ፈረሰኛ ጦረኛ ተብሎ መከበር ነበር። በ1202 አሲሲ ከጎረቤቷ ከፔሩጃ ጋር ኮለስትራዳ በተባለው ስፍራ በተዋጋች ጊዜ ፍራንቸስኮስም ዘመተ። አሲሲ ተሸነፈች፤ እርሱም ተማርኮ አንድ ዓመት ያህል በፔሩጃ ወህኒ ቤት ታሰረ። ከተፈታም በኋላ ለብዙ ጊዜ ታሞ ተኛ።

በ1205 ገደማ እንደገና የጦር መሣሪያውን ታጥቆ ወደ ደቡብ ኢጣልያ ለመዝመት ተነሣ። ነገር ግን ስፖሌቶ ከምትባል ከተማ ሲደርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያች ሌሊት፣ ጌታውን ትቶ ሎሌውን ስለ ምን እንደሚከተል የሚጠይቀው ድምፅ እንደ ሰማ የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ከዚያ ወዲህ ግብዣውም ዘፈኑም አላስደሰተውም። ብቻውን ወደ ዋሻ እየሄደ ይጸልይ ጀመር።

ከፈረስ የወረደበት ቀን

ፍራንቸስኮስ ከሁሉ አብልጦ የሚጸየፈው የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ነበር። በዚያን ዘመን እነዚህ ሰዎች ከከተማ ውጭ እንዲኖሩ ይገደዱ ነበር። እርሱም መኖሪያቸውን ከሩቅ ሲያይ አፍንጫውን ይዞ ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ቀን በፈረስ ሲሄድ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ሊሸሽ ቢያስብም ራሱን አስገድዶ ከፈረሱ ወረደ፤ ገንዘብ ሰጠው፤ እጁንም ሳመው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሕሙማኑ መኖሪያ ሄዶ ያገለግላቸው ጀመር።

ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ፍራንቸስኮስ ከዚያ በፊትም ምጽዋት ይሰጥ ነበር። የአባቱ ገንዘብ ሞልቶ ስለነበር መስጠት አልከበደውም። የከበደው ከፈረስ መውረዱ ነው። በ1226 ሊሞት ሲቃረብ ባስጻፈው ኑዛዜ የንስሐ ሕይወቱን መጀመሪያ የሚቆጥረው ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ከሄደበት ጊዜ ነው። ቀድሞ መራራ የነበረው ነገር በዚያ ጣፋጭ እንደ ሆነለት መስክሯል።

ከአባቱ ጋር የተለያየበት

ከአሲሲ ቅጥር ውጭ ሳን ዳሚያኖ የምትባል፣ ለመውደቅ የተቃረበች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፍራንቸስኮስ በመስቀሉ ሥዕል ፊት ሲጸልይ ቤተ ክርስቲያኒቱን እንዲጠግን ታዘዘ። ትእዛዙን በጥሬው ተቀብሎ ከአባቱ ሱቅ ጨርቅ ጭኖ ወደ ፎሊኞ ገበያ ሄደ። ጨርቁንም ፈረሱንም ሸጦ ገንዘቡን ለቄሱ አመጣ። ቄሱ አባቱን ፈርቶ አልቀበልም ቢለው በመስኮቱ ላይ ጥሎት ሄደ።

አባቱ በዚህ እጅግ ተቆጣ፤ ልጁን በቤት ውስጥ አሰረው። እናቱ አባትየው በሌለበት ጊዜ ፈታችው። በመጨረሻም ነገሩ በ1206 ከአሲሲው ጳጳስ ከጊዶ ፊት ቀረበ። ጳጳሱም ቤተ ክርስቲያን በሰው ገንዘብ ልትታነጽ እንደማይገባ ነግረው ገንዘቡን እንዲመልስ አዘዙት። ይህ ፍርድ ለኛም ትምህርት ነው፤ በጎ ሥራ ያልራስን በመስጠት አይጀመርም። ፍራንቸስኮስ ገንዘቡን መለሰ፤ በዚያ ግን አልቆመም። የለበሰውን ሁሉ አውልቆ በአባቱ እግር ሥር አኖረና ከእንግዲህ አባቱ በሰማያት ያለው ብቻ እንደ ሆነ በሕዝቡ ፊት ተናገረ። ጳጳሱ በካባቸው ሸፈኑት።

ይህ ለአባትየው ቀላል ሐዘን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልጁን በመንገድ ሲያገኘው ይረግመው ነበር። ፍራንቸስኮስም እርግማኑ ልቡን ስለ ወጋው አንድ ድሃ ሽማግሌ እንደ አባት ይዞ፣ አባቱ ሲረግመው ያ ድሃ እንዲመርቀው ለመነው።

ልመናን የተማረበት

ለማኝ ሆኖ የተወለደ የለም፤ ፍራንቸስኮስም ልመናን በግድ ነው የተማረው። ለሳን ዳሚያኖ ግንብ የሚሆን ድንጋይ በአሲሲ አደባባይ እየዞረ ለመነ። ቄሱ ከድህነቱ ቆርሶ ጥሩ ምግብ ሲያዘጋጅለት ባየ ጊዜ፣ ይህ የድሃ ኑሮ እንዳልሆነ አስቦ ሳሕን ይዞ በየቤቱ ወጣ። የተደባለቀውን ትርፍራፊ ሲያየው ሆዱ ተገላበጠ፤ ግን ራሱን አሸንፎ በላው። አንድ ቀን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን መብራት ዘይት ሊለምን ወደ አንድ ቤት ሲቃረብ የቀድሞ ጓደኞቹ ተሰብስበው ሲጫወቱ አየና አፍሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወዲያው ግን ተጸጸተና ገብቶ ማፈሩን በሁላቸው ፊት ተናግሮ ዘይቱን ለመነ። ጦር ሜዳ የወጣው ሰው ከጓደኞቹ ፊት እጁን መዘርጋት ከጦርነት እንደሚከብድ ያወቀው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሞቹ መሰብሰባቸው

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ፖርሲዩንኮላ በተባለችው በትንሿ የመላእክት እመቤት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሲነበብ ሰማ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወርቅና ብር፣ ከረጢትና ሁለት ልብስ ሳይይዙ እንዲሄዱ የላከበት ክፍል ነው። ፍራንቸስኮስ የሚፈልገው ይህን እንደ ሆነ አወቀ። ጫማውን ጣለ፤ ቀበቶውን በገመድ ለወጠ፤ በአደባባይም ስለ ሰላምና ስለ ንስሐ ይሰብክ ጀመር።

በርናርዶ የተባለ ባለጸጋ ሀብቱን ለድሆች አካፍሎ ተከተለው። ፒዬትሮ ካታኒና ኤጂዲዮም ተጨመሩ። በ1209 አሥራ አንድ ወንድሞች ይዞ ወደ ሮማ ወረደና የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ አኗኗራቸውን በቃል ፈቀዱላቸው። በ1212 ደግሞ ከአሲሲ መኳንንት ወገን የሆነችው ክላራ በሆሳዕና ሌሊት ከቤቷ ወጥታ ይህንኑ ኑሮ መረጠች። የሴቶቹም ማኅበር ከእርሷ ጀመረ።

በዚያን ዘመን የአሲሲ ሕዝብ ታላላቆችና ታናናሾች ተብሎ በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። ፍራንቸስኮስ ማኅበሩን የታናናሽ ወንድሞች ማኅበር ብሎ ሲሰይም ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ ማንም ሊረዳው ይችል ነበር።

የስሙ ትርጉም

እንግዲህ ለማኝ ወንድሞች ማለት ምን ማለት ነው? የቀድሞዎቹ የምዕራብ መነኮሳት በገዳማቸው ተወስነው ይኖሩ ነበር። መነኩሴው በግሉ ምንም ባይኖረው ገዳሙ ርስት፣ ወፍጮና ከብት ነበረው። አዲሶቹ ማኅበራት ግን በሁለት ነገር ተለዩ። አንደኛ፣ በግልም በማኅበርም ርስትና ቋሚ ገቢ እንዳይኖራቸው ፈለጉ። ሁለተኛ፣ በአንድ ገዳም ሳይወሰኑ ሕዝቡ ወደ በዛበት ወደ ከተማ እየገቡ አስተማሩ። ስማቸውም በላቲን ፍራተር፣ ማለትም ወንድም ሆነ። የዕለት ምግባቸውን ከሕዝቡ እጅ ስለሚቀበሉም ለማኞች ተባሉ። አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ምግቡን እየለመነ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ የሚያውቅ አንባቢ፣ ልመና ሁሉ የስንፍና ምልክት እንዳልሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

በዚሁ ዘመን እስፓኛዊው ዶሚኒክ የሰባክያንን ማኅበር መሥርቶ በ1216 ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖሪዮስ 3ኛ ፈቃድ አገኘ። በ1274 የልዮን ጉባኤ ብዙ ትናንሽ ለማኝ ማኅበራትን ሲዘጋ ጸንተው የቆዩት አራቱ ታላላቆች የፍራንቸስኮስና የዶሚኒክ ልጆች፣ የቀርሜሎሳውያንና የአውግስጢኖሳውያን ማኅበራት ናቸው።

አንዳንድ ሰው፣ ጤናማ ወጣት ሠርቶ መብላት ሲችል ስለ ምን ይለምናል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፍራንቸስኮስ ራሱም አስቦበታል። በኑዛዜው በእጁ ይሠራ እንደ ነበረ፣ ሌሎቹም ወንድሞች ሁሉ እንዲሠሩና ሙያ የሌላቸው እንዲማሩ ይፈልጋል። የሚለምኑት የሥራቸው ዋጋ ባልተከፈላቸው ጊዜ ነው። ለሥራቸውም ዋጋ ምግብና ልብስ ይቀበላሉ እንጂ ገንዘብ አይነኩም። አንድ ወንድም አይሠራ፣ አይለምን፣ አይጸልይ፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን ማንም አይቀድመው ነበር። ፍራንቸስኮስ ወንድም ዝንብ የሚል ስም ሰጥቶ አሰናበተው፤ ዝንብ ከንቦች ድካም ትበላለችና። እንግዲህ የፍራንቸስኮስ ድህነት ለሰነፍ መሸሸጊያ የሚሆን አልነበረም።

ንብረትና መሣሪያ

ታዲያ ይህን ያህል ንብረትን የፈራው ስለ ምንድር ነው? የአሲሲው ጳጳስ ኑሯቸው እጅግ የከበደ መሆኑን በነገሩት ጊዜ የሰጠው መልስ ምክንያቱን ይገልጠዋል። ንብረት ቢኖራቸው የሚጠብቁበት መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከንብረት ጠብና ክርክር እንደሚመጣ፣ በዚህም የእግዚአብሔርና የባልንጀራ ፍቅር እንደሚሰናከል አስረዳ። ይህን የተናገረው በኮለስትራዳ የተዋጋ፣ በወህኒ የታሰረ፣ በገንዘብ ምክንያት ከአባቱ ጋር የተካሰሰ ሰው ነው።

በተግባርም አሳየው። በ1219 የመስቀል ጦረኞች በግብፅ ዳምየታን ከበው ሲዋጉ ፍራንቸስኮስ ወደ ሰፈራቸው ሄደ። ከዚያም አንድ ወንድም አስከትሎ፣ ያለ መሣሪያ የጦሩን መስመር አልፎ ወደ ሱልጣን አልካሚል ዘንድ ገባና ስለ እምነቱ ነገረው። ሱልጣኑ በአክብሮት ተቀብሎ ካነጋገረው በኋላ በሰላም መለሰው። ሱልጣኑ እምነቱን አልለወጠም፤ ጦርነቱም አልቆመም። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች በሰይፍ ብቻ በሚተዋወቁበት በዚያ ወራት ባዶ እጁን ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰው ይህ ለማኝ መታሰቢያው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ማኅበሩ ሲበዛ የመጣ ፈተና

በ1209 አሥራ ሁለት የነበሩት ወንድሞች በ1221 በተደረገው ጉባኤ ወደ 3000 የሚጠጉ እንደ ነበሩ ከመካከላቸው አንዱ ጽፏል። በዚህን ጊዜ ከባዱ ጥያቄ መጣ። አሥራ ሁለት ሰው በጎጆ ያድራል፤ ሦስት ሺህ ሰው የት ያድራል? የታመመው የት ይተኛል? የሚማረው መጽሐፉን የት ያኖራል?

የአሲሲ ሰዎች በፖርሲዩንኮላ ለጉባኤው የድንጋይ ቤት ቢሠሩ ፍራንቸስኮስ ጣራው ላይ ወጥቶ ክዳኑን ያወርድ ጀመር። ቤቱ የከተማው እንጂ የወንድሞች እንዳልሆነ ሲነግሩት ተወ። በቦሎኛም የወንድሞች ቤት የሚባል መኖሩን ሰምቶ ሕመምተኞቹ ሳይቀሩ እንዲወጡ አዘዘ። የተመለሱት ካርዲናል ኡጎሊኖ ቤቱ የራሳቸው መሆኑን በይፋ ከተናገሩ በኋላ ነው። የታመመን ሰው ከአልጋው ማስነሣት ለኛ የጭካኔ ሥራ ይመስለናል፤ በጊዜውም ያዘኑ ይኖራሉ። ፍራንቸስኮስ ግን የመጀመሪያው ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ቁልፍ፣ ከቁልፉም ጋር የመጀመሪያው ጠብ እንደሚገባ አይቶ ነበር።

በ1220 የማኅበሩን አለቅነት ለፒዬትሮ ካታኒ ለቀቀ። ፒዬትሮ በ1221 ሲሞት ኤልያስ የተባለው ወንድም ተተካ። በኅዳር 29 ቀን 1223 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖሪዮስ 3ኛ የማኅበሩን ደንብ በጽሑፍ አጸደቁ። በዚሁ ዓመት በልደት በዓል ፍራንቸስኮስ ግሬቾ በተባለች መንደር ግርግም አሰናድቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ፣ ጌታ በድህነት መወለዱን ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ አደረገ።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1224 በላቬርና ተራራ ሲጾምና ሲጸልይ በእጁ፣ በእግሩና በጎኑ የጌታን ቁስል የመሰለ ምልክት እንደ ታየበት ቤተ ክርስቲያኑ ታስተምራለች። ከግብፅ ከተመለሰ ወዲህ ዓይኑ ታሞ ወደ መታወር ደርሶ ነበር። ሐኪሞች በጋለ ብረት ከጆሮው እስከ ቅንድቡ ተኰሱት፤ አልዳነም። ብርሃን ማየት ባቃተው በ1225 ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ፣ ስለ ውኃና ስለ እሳት ፈጣሪን የሚያመሰግን መዝሙር በሀገሩ ቋንቋ ደረሰ። ይህ የፍጥረታት መዝሙር በኢጣልያንኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በጥቅምት 3 ቀን 1226 ማታ በፖርሲዩንኮላ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ልብሱን አውልቀው በመሬት ላይ እንዲያኖሩት ለምኖ ነበር። አንዱ ወንድም ልብስ ሲሰጠው የተቀበለው በውሰት እንደ ተሰጠው ከተነገረው በኋላ ነው። በጳጳሱ ፊት የጀመረውን በዚህ ፈጸመ። ካርዲናል ኡጎሊኖ ግሬጎሪዮስ 9ኛ ተብለው በሮማ ከተሾሙ በኋላ በሐምሌ 16 ቀን 1228 ቅድስናውን አወጁ። በዚያው ዓመት በአሲሲ መቃብሩ የሚሆን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ጀመር። የሣር ጎጆ ለመረጠው ሰው ግሩም ሕንፃ ተነሣለት።

ከእርሱ በኋላ

ፍራንቸስኮስ የፈራው ጠብ አልቀረም። በ1230 ግሬጎሪዮስ 9ኛ ኑዛዜው በሕግ እንደማያስገድድ ወሰኑ። ድህነቱን አንዳች ሳናጎድል እንጠብቅ ባሉትና ለሥራው ቤትና መጽሐፍ ያስፈልጋል ባሉት መካከል ክርክሩ ብዙ ዘመን ዘለቀ፤ የታሰሩበት፣ የሞቱበትም አሉ። በ1517 ማኅበሩ በሁለት ተከፈለ። በ1528 ደግሞ ወደ መጀመሪያው ድህነት እንመለስ ያሉ ወንድሞች ካፑቺን ተብለው ሦስተኛ ወገን ሆኑ። ስማቸው የመጣው ከረጅሙ ቆባቸው ነው።

ካፑቺኖቹ ወደ ሀገራችንም ደርሰዋል። አጋታንጄሎና ካሲያኖ የተባሉት ሁለቱ በ1638 በጎንደር ተገድለዋል። አባ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ጉልዬልሞ ማሳያ በ1846 ለኦሮሞ ሀገር ተሹመው ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከሀገር ወጥተዋል። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም ካፑቺኖች በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቁመዋል። የአሲሲው ወጣት ከፈረሱ የወረደላቸው እነዚሁ ሰዎች እንደ ሆኑ ልብ እንበል።

ለኛ የሚሆነው

ወጣቶች ሆይ፣ ከኛ መካከል ሁሉን ትቶ በገመድ ታጥቆ የሚወጣ ጥቂት ይሆናል፤ ፍራንቸስኮስም ሁሉን ሰው እንዲህ ሁን አላለም። ነገር ግን ከሕይወቱ የምንወስደው ሁለት ጥያቄ አለ። የምንጠብቀው ንብረት ከወንድማችን የሚያጣላን ከሆነ፣ ባለንብረቶቹ እኛ ነን ወይስ ንብረቱ እኛን ይዞናል? ለድሃው ስንሰጥስ ከፈረሳችን ሳንወርድ ነው ወይስ አጠገቡ ቆመን? የዘንድሮው የማኅበራችን ምጽዋት ሲሰበሰብ ሣጥኑን ሞልተን መላክ መልካም ነው። ከመካከላችን ጥቂቶች ከሣጥኑ ጋር አብረው ቢሄዱ፣ ከሚቀበሉትም ጋር ተቀምጠው ስማቸውን ቢጠይቁና ቢጨዋወቱ ግን የኔ ብጤ የሚለው ቃላችን እውነት ይሆናል።

ለዚህ ያብቃን።